ለጀልባ ማህበር የሚሆን ባጅ አሠራር፦ የባህር ኃይል አርማ ሕጎችን ይዞ ከወረቀት እስከ ጥልፍና ቀለም

ሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሚሠሩ የጀልባና የዓሣ አስጋሪ ማህበራት ባጅ ሲያሠሩ ብዙ ጊዜ ገንዘባቸው ይባክናል። ኮምፒውተር ላይ ያማረው ሥዕል ሸሚዝ ላይ ሲጠለፍ ድፍን ጭቃ ይሆናል። ጀልባ ላይ የተቀባው ደግሞ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ቆሞ ለሚያየው ሰው ንስር ይሁን ዶሮ አይለይም። ችግሩ ከጠላፊው እጅ አይደለም። አንድ ክብ ውስጥ ሐይቁ፣ ታቦር ተራራ፣ ጀልባው፣ ጉማሬው፣ መልህቁ፣ የተጨባበጡ እጆችና የማህበሩ ሙሉ ስም ሲታጨቁ ማንም ጠላፊ አያወጣቸውም።

የባህር ኃይሎች ባጅ የሚመራው በርቀት ለመለየት በሚረዱ የአርማ ሕጎች ነው። ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውን ከጠበቃችሁ ለትንሽ ማህበርም ይሠራሉ። ከታች ያሉትን ደረጃዎች አታቀያይሩ። በተለይ ደረጃ 5ን ሳትጨርሱ ዲዛይነር ጋ አትሂዱ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦ ነጭ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ፣ የተማሪ ኮምፓስ፣ ስድስት ባለ ቀለም እርሳሶች (ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ቡናማ)፣ ባጁ ከሚጠለፍበት ሸሚዝ የተቆረጠ ቁራጭ ጨርቅ። የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጡ ሦስት ሰዎችን ምረጡና ስማቸው በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ይህን ያልኩት ለወግ ብዬ አይደለም። አባላቱ በሙሉ በየተራ «ይህም ይጨመር» ካሉ ባጁ ከመጀመሪያው አልቋል።

የማይነኩ ነገሮችም አሉ፦

- የሰንደቅ ዓላማችንን ዓርማ የባጃችሁ አካል አታድርጉ፤ በሰንደቅ ዓላማው ላይም የራሳችሁን ጽሑፍ ወይም ምስል አትጨምሩ። አዋጅ ቁጥር 654/2001ን አንብቡት።
- የመከላከያም ሆነ የፖሊስ ምልክት፣ ማዕረግና የባጅ ቅርጽ አትቅዱ። ተሳፋሪ ማህበሩን ከመንግሥት አካል ጋር እንዳያምታታ ነው።
- በመርከብ ሸራና በመርከብ የኋላ ክፍል ምስል የተሠራውን ዘውድ ከኢንተርኔት አውርዳችሁ አናት ላይ አትለጥፉ። ይህ ዘውድ የብሪታንያንና የሌሎች አገራትን የባህር ኃይል መርከቦች የሚለይ ምልክት ነው። የባጃችሁ አናት ባዶ ቢቀር ምንም አይጎድልበትም።

ደረጃ 1፦ መጠኑን ወስኑ

ባጁ የሚውልባቸውን ቦታዎች ሁሉ ጻፉ። የተለመዱት መጠኖች ለደረት 8 ሳንቲ ሜትር፣ ለኮፍያ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ለጀልባ ጎን 40 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ንድፉን የምትሠሩት ለትንሹ መጠን ነው። በ5 ሳንቲ ሜትር የሚነበብ ባጅ ሲያድግ ያምራል፤ በ40 ሳንቲ ሜትር ያማረው ግን ሲያንስ ይጠፋል።

ደረጃ 2፦ አንድ ነገር ምረጡ

የብሪታንያ ባህር ኃይል መርከቦችን ባጅ ብታዩ «ኬንት» የምትባለው መርከብ ያላት አንድ ነጭ ፈረስ ነው፤ «ላንካስተር» አንድ ቀይ ጽጌረዳ። ሁለቱም ከስማቸው የመጡ ናቸው፤ ፈረሱ የኬንት አውራጃ፣ ጽጌረዳው የላንካስተር ንጉሣዊ ቤተሰብ ምልክት ነው። እናንተም መጀመሪያ የማህበራችሁን ስም ተመልከቱ። ስሙ ውስጥ የሚሣል ነገር ካለ ምርጫው አለቀ። ከሌለ ከሐይቁ ውሰዱ።

ጥላው ብቻ የሚለየውን ምረጡ። ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ በጥቁር ሙሉትና ሥራውን ለማያውቅ ሰው አሳዩ። በአንድ እይታ ስሙን ከጠራ ይሠራል። አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ በረጅም እግሩና በወፍራም ምንቃሩ ወዲያው ይለያል። ክንፉን የዘረጋ ንስርም እንደዚሁ። አምባዛ በጢሙ ይታወቃል፤ ቆሮሶ ግን ጥላው ከሌላ ዓሣ ስለማይለይ ብቻውን አይበቃም። ጉማሬን በሙሉ አካሉ አትሣሉት፣ ድፍን ድንጋይ ይመስላል፤ አፉን የከፈተ ጭንቅላት ብቻ ውሰዱ።

ከባህር ኃይል የተወረሱ ምልክቶችን ከፈለጋችሁ ትርጉማቸውን እወቁ። መልህቅ በአጠቃላይ የባህር ሥራን፣ በክርስቲያን ልማድም ተስፋን ያሳያል። ገመድ የተጠመጠመበት መልህቅ ግን ሌላ ነው፦ የእንግሊዝ ታላቁ አድሚራል (የባህር ኃይሉ የበላይ ሹም) ማኅተም ሆኖ ለዘመናት ስላገለገለ የአድሚራልነት ሥልጣን ምልክት ነው። ለተራ የጀልባ ሥራ ገመድ የሌለውን ንጹህ መልህቅ ተጠቀሙ። ባለ ሦስት ሹል ጦር የባህር ላይ ኃይልን ስለሚያሳይ ለማጓጓዣ ማህበር አይመጥንም። ነጭና ሰማያዊ ሞገድ መስመሮች ውሃ ናቸው፤ ለማንም ይሆናሉ።

ንስር ዓሣ ጨብጦ ቢሣል እንደ አንድ ነገር ይቆጠራል፤ ወፉና ዓሣው ተያይዘዋልና። ንስሩ አጠገብ ጀልባ ከቆመ ግን ሁለት ሆነ፤ ጀልባውን አውጡ።

*አባላት ካልተስማሙ፦* ሦስት ጥላዎችን በጥቁር ሣሉ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ አሥር ሜትር ራቁና ድምፅ ስጡ። በቅርብ ሆኖ የሚሰጥ ድምፅ ሁልጊዜ ዝርዝር ወደበዛበት ያደላል።

ደረጃ 3፦ የውጭ ቅርጽ

ለአብዛኛው ማህበር ክብ ይበቃል። ቅርጽ መለያየት የሚጠቅመው የተለያየ ሥራ ሲኖራችሁ ነው። የብሪታንያ ባህር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1918 የመርከብ ባጆች ኮሚቴ አቋቁሞ ሥርዓት ሲያበጅ ለትልልቆቹ የጦር መርከቦች ክብ፣ ክሩዘር ለሚባሉት መካከለኛ የጦር መርከቦች ባለ አምስት ጎን፣ ዴስትሮየር ለሚባሉት ከእነዚያ ለሚያንሱት ጋሻ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ዳይመንድ መድቦ ነበር፤ ሰው ቅርጹን አይቶ የመርከቧን ዓይነት ያውቃል ማለት ነው። እናንተም ሽርሽር የሚያወጡት፣ ዓሣ የሚያሰግሩትና ነፍስ አድን ሆነው የሚሠሩት ጀልባዎች ከተለያዩ ንስሩን ሳትለውጡ ለነፍስ አድኑ ብቻ ጋሻ ስጡ። ችግር የገጠመው ሰው የሚፈልገውን ጀልባ ከሩቅ ይለያል።

ደረጃ 4፦ ቀለም

ብዙው ባጅ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ ሥሩ።

የአርማ ሥራ ቀለሞችን በሁለት ይከፍላል። አንደኛው ወገን «ብረት» ይባላል፤ ወርቅና ብር፣ ማለትም ቢጫና ነጭ። ሁለተኛው ወገን «ቀለም» ነው፤ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፣ ሐምራዊ። ሕጉ አጭር ነው፦ ቀለም በቀለም ላይ፣ ብረትም በብረት ላይ አይቀመጥም። ቀይ ንስር በሰማያዊ ላይ አይሆንም። ቢጫ ዓሣ በነጭ ላይ አይሆንም። ነጭ ንስር በሰማያዊ፣ ቢጫ ዓሣ በአረንጓዴ፣ ጥቁር አባ ኮዳ በቢጫ ይሆናል። ምክንያቱ የብርሃንና የጥላ ልዩነት ነው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቀይና ሰማያዊ ሁለቱም ጨለማ ሆነው ይቀላቀላሉ።

በሐይቃችን ያለው ዓሣ አዳኝ ንስር ጭንቅላቱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቡናማ፣ ክንፉ ጥቁር ነው። እንዳለ ብትስሉት ሰማያዊ መስክ (የባጁ መደብ) ላይ ነጩ ጭንቅላት ብቻ ይታያል፤ ሆዱና ክንፉ ይሰምጣሉ። አርማ ፎቶግራፍ ስላልሆነ ወፉን በሙሉ ነጭ አድርጉትና ምንቃሩንና እግሩን ቢጫ ቀቡ። በነጭ ጭንቅላት ጫፍ ላይ ያለ ቢጫ ምንቃር ትንሽ ክፍል ስለሆነ ሕጉን እንደ መጣስ አይቆጠርም። የተፈጥሮ ቀለሙን መተው ያልሆነላችሁ ከሆነ መስኩን ነጭ አድርጉ፣ የወፉን ዙሪያም በቀጭን ጥቁር መስመር ክበቡ።

ቀለማት ከአራት አይብለጡ። ሽግግር፣ ማለትም ከሰማያዊ ወደ ነጭ እየሳሳ የሚሄድ ቀለም አትጠቀሙ፤ ጥልፍ ላይ እንደ ቆሻሻ ይታያል።

*ፈተና፦* ንድፉን በስልክ ፎቶ አንሡና ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ዋናው ነገር ከመስኩ ካልተለየ ቀለሙን ለውጡ።

*ሸሚዙን አትርሱ።* ቢጫ የውጭ ጠርዝ በነጭ ሸሚዝ ላይ ይጠፋል። ሸሚዙ ነጭ ወይም ቢጫ ከሆነ ከጠርዙ ውጭ 2 ሚሊ ሜትር ሰማያዊ ዙሪያ ጨምሩ።

ደረጃ 5፦ በቃላት ጻፉት

ባጁ ከመሣሉ በፊት መግለጫው ይጻፋል። የአርማ ባለሙያዎች ሥዕል ቢጠፋ እንኳ ባጁን መልሰው የሚያገኙት በዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ መስኩና ቀለሙ፣ ቀጥሎ ዋናው ነገር ከአቋሙና ከቀለሙ ጋር፣ ከዚያ ትንንሾቹ፣ መጨረሻ ዙሪያው። ለምሳሌ፦

«መስኩ ሰማያዊ። በመካከሉ ክንፎቹን ወደ ላይ የዘረጋ፣ ወደ ተመልካቹ ግራ የዞረ ነጭ ንስር፤ ምንቃሩና እግሮቹ ቢጫ፤ በእግሮቹ አንድ ቢጫ ዓሣ የጨበጠ። ከግርጌ ሁለት ነጭ የሞገድ መስመሮች። ዙሪያው ቢጫ ገመድ።»

መግለጫውን ባጁን አይቶ ለማያውቅ ሰው በስልክ አንብቡለትና ይሣል። የሣለው ነገር ከሐሳባችሁ ጋር በአቀማመጥና በቀለም ከገጠመ ጨርሳችኋል። ካልገጠመ የጎደለው ቃል የቱ እንደሆነ ፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የወፉ አቅጣጫ ነው። መግለጫው ከአራት መስመር ካለፈ ደግሞ ባጁ ራሱ በዝቷልና ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

ደረጃ 6፦ ሣሉት

ወረቀት ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ሣሉ፤ የደረቱ ባጅ እጥፍ ነው። ዋናው ነገር ከመስኩ ስፋት ሦስት አራተኛውን ይያዝ። ጀማሪ ሁልጊዜ አሳንሶ ይሥላል፣ ዙሪያው ባዶ ይቀራል፣ ባዶውን ለመሙላት ደግሞ ኮከብና ቅጠል ይጨምራል።

እንስሳ ወደ ተመልካቹ ግራ ይዙር። የጋሻ ሥርዓት የሚቆጠረው ጋሻውን ከያዘው ሰው አንጻር ስለሆነ ይህ የባለቤቱ ቀኝ ነው። በግራ ደረት ላይ ሲሰፋም ወፉ ወደ ሸሚዙ መሃል ያያል እንጂ ወደ ብብት አይሸሽም።

መልህቅ ከመረጣችሁ፦ አናቱ ላይ ቀለበት፣ ከቀለበቱ በታች አግዳሚ፣ መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ ግንድ፣ ከታች ወደ ላይ የታጠፉ ሁለት ክንዶች፣ በክንዶቹ ጫፍ ሹል መዳፎች። በእውነተኛው መልህቅ አግዳሚው ከክንዶቹ ጋር መስቀለኛ ሆኖ ነው የሚቆመው፤ በአርማ ግን ሁለቱም ፊት ለፊት ይሣላሉ። መዳፎቹን አሳንሳችሁ ከሣላችሁ መልህቁ መንጠቆ ይመስላል።

የገመድ ዙሪያ፦ ይህ ቀላል መስሎ ብዙ ዲዛይነር የሚሳሳትበት ነው። የገመድ ጥምዝ ክሮች በክቡ ዙሪያ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ መዘንበል አለባቸው። ዲዛይነሩ ግማሹን ክብ ሠርቶ ግማሹን በመስታወት ገልብጦ ከቀጠለው ክሮቹ አናትና ግርጌ ላይ ፊት ለፊት ይጋጫሉ፤ ገመዱም የተበጠሰ ይመስላል። ትክክለኛው መንገድ አንድ የክር ጉብታ ሠርቶ በክቡ መሃል ዙሪያ ማሽከርከር ነው። ለ8 ሳንቲ ሜትር ባጅ 36 ጉብታዎች፣ በየ10 ዲግሪው አንድ፤ እያንዳንዱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይይዛል። ለ5 ሳንቲ ሜትሩ 24 ጉብታዎች በየ15 ዲግሪው። የትልቁን ንድፍ እንዲሁ አሳንሳችሁ ከወሰዳችሁ ጉብታዎቹ ተጣብቀው ድፍን ቀለበት ይሆናሉ። የገመዱ ውፍረት በሁለቱም ከ4 ሚሊ ሜትር አይነስ።

ደረጃ 7፦ ጽሑፍ

ቢቻል ባጁ ውስጥ ምንም አትጻፉ፤ ስሙን ከባጁ በታች በሌላ መስመር አስጠልፉ። ይህ የኔ ጠንከር ያለ ምክር ነው። የግዕዝ ፊደል ልዩነቱ በትንሽ እግር፣ ቀለበትና ቅጥያ ላይ ነው፤ ሲያንስ «ሉ» «ለ» ይሆናል፣ «ቤ» እና «ቢ» አይለዩም።

መጻፍ ግድ ከሆነ ሁለት ቃል ብቻ፣ ቁመቱ ቢያንስ 8 ሚሊ ሜትር፣ የመስመሩ ውፍረት ከ1 ሚሊ ሜትር የማያንስ። ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚቀያየርበት የመጽሐፍ ፊደል አትምረጡ፤ ቀጭኑ ክፍል ጥልፍ ላይ ይጠፋል። የኮፍያው ባጅ ያለ ጽሑፍ ይሁን።

ደረጃ 8፦ ጥልፍ ቤት

1. ዲዛይነሩ ንድፉን በቬክተር (ሲያድግም ሲያንስም ጥራቱ በማይወርድ የመስመር ሥዕል) ይሥራው፤ ፒዲኤፍ ተቀበሉት። በቴሌግራም ሲላክ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ። ፎቶ ሆኖ የመጣ ጥራቱ ወርዶ ነው የሚደርሰው፤ ጠላፊው የደበዘዘውን ጠርዝ በግምት ይሠራዋል።
2. ባለ 40 ቁጥር ፖሊስተር ክር እንዲጠቀሙ ጠይቁ። ሬዮን ያብረቀርቃል፣ ነገር ግን ፀሐይና በረኪና አይችልም። ለገመዱ የብረት መልክ ያለው ወርቃማ ክር አታዙ፤ ማሽን ላይ ይበጠሳል። ደማቅ ቢጫ ክር ይበቃል።
3. ከጨርቁ ጀርባ ማጠንከሪያ ይደረግ፤ ለሚለጠጥ ቲሸርት ትርፉ በመቀስ የሚቆረጠው፣ ለሸሚዝ ደግሞ በእጅ የሚቀደደው።
4. የሥራው ተራ፦ መስኩ፣ ሞገዱ፣ ንስሩ፣ ምንቃርና እግር፣ ገመዱ፣ በመጨረሻ የውጭ ጠርዙ። ኮፍያ ላይ ግን ከመሃል ወደ ጎን፣ ከታች ወደ ላይ ይጠለፍ፤ ጨርቁ ክብ ስለሆነ ከጎን ከተጀመረ መሃሉ ላይ ይሸበሸባል።
5. መስኩ ከገመዱ ሥር 1 ሚሊ ሜትር ያህል ገብቶ ይጠለፍ።
6. ቀብድ ስትከፍሉ የአንድ ናሙና ዋጋ ለብቻው ይጻፍ። ናሙናው ሳይጸድቅ የቀረው እንዳይጀመር ደረሰኙ ላይ አስፍሩ።

ናሙናውን በራሱ ሸሚዝ ጨርቅ ላይ አሠሩ። ከዚያ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና እጠቡት፣ ፀሐይ ላይ አድርቁት፣ ተመልከቱት።

*ክቡ እንቁላል ከሆነ፦* ስፌት ጨርቁን ወደ ስፌቱ አቅጣጫ ይስባል። የመሳብ ማካካሻውን በየጎኑ በ0.3 ሚሊ ሜትር እንዲጨምሩ ንገሯቸው።

*በመስኩና በገመዱ መካከል ጨርቁ ከታየ፦* ተራ ቁጥር 5 አልተሠራም። እንደገና ይሠራ እንጂ ክፍተቱን በእጅ ክር አትሙሉ።

*ዙሪያው ከተሸበሸበ፦* ማጠንከሪያው ሳስቷል ወይም ጨርቁ ፍሬሙ ላይ ተለጥጦ ተወጥሯል።

*ቀዩ ወደ ነጩ ከፈሰሰ፦* ክሩ ጥሩ ቀለም አልተነከረም። ክሩ ይቀየር፤ «ሁለተኛ ሲታጠብ ይቆማል» የሚል መልስ አትቀበሉ።

*ንስሩ ላይ ረጃጅም ክሮች ከተንጠለጠሉ፦* ሰፊው ክፍል በሳቲን ስፌት (ከጫፍ እስከ ጫፍ በሚዘረጋ ረጅም ክር) ተሠርቷል። ስፋቱ ከ7 ሚሊ ሜትር ያለፈ ክፍል በሙሌት ስፌት (በተደራራቢ አጫጭር ስፌቶች) ይሠራ፤ አለበለዚያ ቁልፍና ጥፍር እየያዘ ይመዝዘዋል።

ደረጃ 9፦ ጀልባው ላይ

የ16 ሳንቲ ሜትሩን ሥዕል በ2 ሳንቲ ሜትር ካሬዎች ክፈሉ፤ በካርቶን ላይ የ5 ሳንቲ ሜትር ካሬዎች አስምሩና ካሬ በካሬ ገልብጡ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የምትቀቡበትን ቅርጽ ያገለገለ የራጅ ፊልም ላይ ቁረጡ፤ ካርቶን ሁለተኛውን ቅብ ሳያደርስ ይርሳል።

ባጁ ከፊት ለፊቱ አፍንጫ አጠገብ፣ ውሃ ከሚደርስበት መስመር በላይ ይሁን። የጀልባውን የመለያ ቁጥር አይሸፍን።

አቅጣጫውን ልብ በሉ። በጀልባው ግራ ጎን ላይ እንዳለ ቀቡት፤ ንስሩ ወደ ፊት ያያል። በቀኝ ጎን ግን ንስሩን መገልበጥ አለባችሁ፤ እንዳለ ከቀባችሁት ጀልባው ወደ ፊት ሲሄድ ወፉ ወደ ኋላ ይበራል። ጽሑፉንና ገመዱን አትገልብጡ። ለሸሚዝ እጅጌም ሕጉ ይኸው ነው፤ የሚገለበጠው የቀኙ ነው።

ቦታውን በሳሙና አጥባችሁ ቅባቱን አስለቅቁ፣ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ብረት ከሆነ መጀመሪያ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባ። ከዚያ መስኩን ሁለት ጊዜ፣ በመካከሉ ሙሉ በሙሉ እያደረቃችሁ ቀቡ። ነጩና ቢጫው ከላይ ይመጣሉ። በጠዋት ሥሩ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ያልደረቀውን ቀለም አቧራ ያለብሰዋል።

የጀልባው ስም ለብቻው ይጻፋል። ቁመቱን ለማስላት በየ3 ሜትሩ ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር ቁጠሩ፤ ከ30 ሜትር እንዲነበብ 25 ሳንቲ ሜትር ፊደል ያስፈልጋል።

*ቀለሙ እየተላጠ ከወጣ፦* ፋይበር ላይ የቀረ ሰም ወይም ዘይት ነው። ከላዩ ደግሞ መቀባት አይረዳም፤ እስከ ታች ፍቃችሁ ጀምሩ።

*ቀዩ ቀድሞ ከገረጣ፦* ፀሐይ ነው። ለጀልባ ከቀይ ይልቅ ሰማያዊና ነጭ የመረጣችሁ እንደሆነ ዕድሳቱ ይዘገያል።

ደረጃ 10፦ አስቀምጡ

በአንድ ፖስታ ውስጥ እነዚህ ይግቡ፦ የጸደቀው መግለጫ በሦስቱ ሰዎች ፊርማ፣ ባለ ቀለም ሥዕሉ፣ የታጠበው ናሙና፣ የክሮቹ አምራችና የቀለም ቁጥር። በፍላሽ ደግሞ የቬክተሩ ፋይልና የጥልፍ ማሽኑ ፋይል፣ ብዙውን ጊዜ ዲኤስቲ የሚባለው። የማሽኑን ፋይል ጥልፍ ቤቱ «እኛ ጋ ይቀመጣል» ካለ ቅጂውን ሂሳብ ከመዝጋታችሁ በፊት ውሰዱ። ለደረትና ለኮፍያ ሁለት የተለያዩ ፋይሎች መሆናቸውን አረጋግጡ፤ አንዱን አሳንሶ መጠቀም ስፌቶቹን ያጨናንቃቸዋል፣ መርፌም ይሰብራል። አዲስ ሸሚዝ በሌላ ጥልፍ ቤት ስታሠሩ የቀደመውን ባጅ ፎቶ አትላኩ፤ ፋይሉን፣ የክር ቁጥሩንና መግለጫውን አብራችሁ ስጡ፤ ከዚያም እንደገና አንድ ናሙና።